ጩኸቱ ሌላ፣ ፊርማው ሌላ፦ የኦዳሲቲ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በድምፅ ሥራ ላይ ያለ ሰው ኦዳሲቲን አንድ ቀን ሳይከፍተው አይቀርም። ጋዜጠኛው ቃለ መጠይቅ ይቆርጥበታል፣ ፖድካስት የሚሠራው ያቀናብርበታል፣ የአሮጌ ካሴት ሹርሹርታ ማጥፋት የፈለገም ወደ እሱ ይሄዳል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ኮዱም ክፍት ነው። በ2021 ይህ ፕሮግራም በአንድ ኩባንያ እጅ ገባና ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከተጠቃሚዎቹና ከአበርካቾቹ ጋር ሦስት ጊዜ ተጋጨ። መጀመሪያ ስለ መረጃ መሰብሰብ፣ ቀጥሎ አበርካቾች ስለሚፈርሙት ስምምነት፣ በመጨረሻ ስለ ግላዊነት ማስታወቂያ።

ኩባንያውን ለመውቀስ ብዬ አልጻፍኩም፤ ወቀሳው በጊዜው ከበቂ በላይ ተሰምቷል። እኔን የሳበኝ ሌላ ነው። ሕዝቡ የጮኸበት ነገር በአንድ ቀን ሊመለስ የሚችል ነበር፣ በጉምጉምታ ያለፈው ግን የማይመለሰው ሆኖ ተገኘ። እኔም ያኔ ከጮኹት አንዱ ነበርኩና ይህን ያየሁት ዘግይቼ ነው። የግለሰቦችን ስም አላነሳም። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

ኦዳሲቲ በ1999 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በአንድ ተማሪና በአንድ መምህር ተጀመረ፤ በሜይ 2000 ለሕዝብ ወጣ። የሚታደለው በጂፒኤል ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ ማንም ሰው ፕሮግራሙን እንዲያሠራው፣ ኮዱን እንዲያነብ፣ እንዲለውጥና ለሌላ እንዲያካፍል ይፈቅዳል። ዋናው ግዴታ ይህ ነው፦ ለውጦም ሆነ ሳይለውጥ የሚያድል ሰው ኮዱን በዚያው ፈቃድ ለተቀባዩ መስጠት አለበት።

ከሃያ ዓመት በላይ ብዙ በጎ ፈቃደኞች በየተራ እየመጡ መስመር ጨመሩበት። በመርሕ ደረጃ እያንዳንዱ መስመር የጻፈው ሰው መብት ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ወደማይስማማ ሌላ ፈቃድ ማዛወር የሚፈልግ ሰው ባለመብቶቹን አንድ በአንድ ማስፈቀድ፣ ያልፈቀደውን ሰው ኮድ ደግሞ አውጥቶ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። አድካሚ ነው፤ ጥቅሙም አድካሚነቱ ላይ ነው። መብቱ በብዙ ሰው እጅ የተበተነ ፕሮጀክት ማንም ብቻውን ጠቅልሎ ሊወስደው አይችልም።

በ2021 ኤፕሪል ማብቂያ ላይ ሚዩዝ ግሩፕ ፕሮጀክቱን እንደተረከበ ተሰማ። ነጻውን የሙዚቃ ኖታ መጻፊያ ሚዩዝስኮርንና አልቲሜት ጊታር የተባለውን ድረ ገጽ የያዘው ድርጅት ነው። ክፍት ኮድ እንዴት ይሸጣል? ኮዱ አይሸጥም፤ አስቀድሞ በሁሉም እጅ ነው። የሚሸጠው ስሙና የንግድ ምልክቱ፣ ድረ ገጹ፣ ሰው ሁሉ ፕሮግራሙን የሚያወርድበት በር ነው። በሩን የያዘ በበሩ የሚያልፈውን ይወስናል።

አንደኛው ግጭት፦ ቴሌሜትሪ

ርክክቡ በተሰማ በቀናት ውስጥ፣ ሜይ 4 ቀን፣ አንድ የኮድ ለውጥ ጥያቄ ገንቢዎች ኮድ በሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ በጊትሃብ ላይ ተለጠፈ። ለኦዳሲቲ መሠረታዊ ቴሌሜትሪ ይጨመር የሚል ነበር። ቴሌሜትሪ ማለት ፕሮግራሙ ስለ ራሱ አጠቃቀም ወደ ባለቤቱ የሚልከው ወሬ ነው።

ጽሑፉን ዛሬ ረጋ ብዬ ሳነበው ይህን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም። የሚላከው ፕሮግራሙ መቼ እንደተከፈተና እንደተዘጋ፣ ምን ስሕተት እንዳጋጠመው፣ የትኞቹ የድምፅ ማሻሻያዎች (ኢፌክቶች) እንደተነኩ፣ ምን ዓይነት ፋይል እንደገባና እንደወጣ፣ እንዲሁም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙና የፕሮግራሙ ስሪት ነው። ተጠቃሚው እሺ ካላለ ምንም አይወጣም። ከኮዱ ተነስቶ ፕሮግራሙን ራሱ ለሚገነባ ሰው ደግሞ ነገሩ ጨርሶ አይካተትም። በቂ ምክንያትም ነበረው። በማርች 2021 የወጣው 3.0 ስሪት ሙሉ ፕሮጀክቱን በኤስኪውላይት ዳታቤዝ በአንድ ፋይል ማስቀመጥ ጀምሮ ነበር። ፕሮጀክቴ ተበላሸብኝ የሚሉ አቤቱታዎች ይመጡ ነበር፤ ገንቢዎቹ ግን ስሕተቱ የት ላይ እንደሚከሰት የሚያዩበት መንገድ አልነበራቸውም።

እሳቱን ያቀጣጠለው የመድረሻው አድራሻ ነው። መረጃው የሚሄደው የተጠቃሚን እንቅስቃሴ ወደሚቆጥሩ ሁለት አገልግሎቶች፣ ወደ ጎግል አናሊቲክስና ወደ ያንዴክስ ሜትሪካ ነበር፤ ተጠቃሚውን የሚለይ ቁጥርም በኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጣል። በይነመረብ ሳያስፈልገው ለሃያ ዓመት ድምፅ ሲቆርጥ የኖረ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ የማስታወቂያ ገበያ ውስጥ ላሉ ሁለት ግዙፍ ድርጅቶች ወሬ አቀባይ ሊሆን ነው ማለት ነው። በጥያቄው ሥር በሺህ የሚቆጠር የተቃውሞ ምልክት ተደረደረ።

ኩባንያው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሐሳቡን ተወ። በምትኩ ሁለት ነገር ብቻ አቀረበ። አንዱ አዲስ ስሪት መውጣቱን የሚያጣራ፣ ሊዘጋ የሚችል ጥያቄ ነው። ሌላው የብልሽት ሪፖርት ነው፤ ሪፖርቱ ኩባንያው ራሱ በሚያስተዳድረው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፣ ተጠቃሚውም ይዘቱን አይቶ ላክ ወይም አትላክ ይላል። በእኔ ግምት ይህ ከመጀመሪያው ሐሳብ የተሻለ ምሕንድስና ነው። የኢፌክቶች ቆጠራ የተበላሸ ፋይል አይጠግንም፤ የብልሽት ሪፖርት ግን ይረዳል። ተቃውሞው ገንቢዎቹን የሚያስፈልጋቸውንና የሚያጓጓቸውን እንዲለዩ አስገደዳቸው።

ሁለተኛው፦ ፊርማው

በዚያው በሜይ መጨረሻ ገደማ ሌላ ማስታወቂያ ወጣ። ከእንግዲህ ኮድ የሚልክ ሰው ሁሉ የአበርካች ፈቃድ ስምምነት ይፈርማል ተባለ። ገንቢዎች ሲኤልኤ የሚሉት ነው። ተቃውሞ ነበረ፣ ግን ከቴሌሜትሪው ጋር ሲነጻጸር ሹክሹክታ ነው። ለብዙ ተጠቃሚ ነገሩ የገንቢዎች የቤት ውስጥ ጉዳይ ይመስላል፤ ስክሪኑ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም።

ስምምነቱ እንዲህ ይላል። ኮዱ የአንተ እንደሆነ ይቀጥላል። ለኩባንያው ግን ሰፊ ፈቃድ ትሰጠዋለህ፤ ያበረከትከውን በጂፒኤል ብቻ ሳይሆን በሌላ በፈለገው ፈቃድም ሊያወጣው ይችላል። የቀረቡት ምክንያቶች ተጨባጭ ነበሩ። ቪኤስቲ3 የተባለውን የድምፅ ፕለጊን (በፕሮግራሙ ላይ የሚጨመር ክፍል) ቴክኖሎጂ ለማስገባት ያኔ ወደ ሦስተኛው የጂፒኤል ስሪት ማለፍ ያስፈልግ ነበር። አንዳንድ የመተግበሪያ መደብሮች ደንባቸው ከጂፒኤል ጋር አይስማማም። ኮዱን ለፕሮጀክቱ ገቢ በሚያስገኙ ሌሎች ሥራዎች ላይ ማዋልም ይፈለጋል። ኦዳሲቲ ሁልጊዜ ነጻና ክፍት ሆኖ እንደሚቆይም ቃል ተገባ።

ሚዛኑን ለማየት ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን ማድረግ ይበቃል። አበርካቹ ከኩባንያው የሚያገኘው ጂፒኤልን ነው። ኩባንያው ከአበርካቹ የሚያገኘው ጂፒኤልንና ከእሱ ውጭ ያለውን ሁሉ ነው። ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል የሚለው ቃል ማስታወቂያው ውስጥ ነው ያለው፤ የሚፈረመው ደግሞ ስምምነቱ ነው። ቃል የገባው ሰው ነገ ሥራ ይለቃል፣ ኩባንያውም ይሸጣል፤ የተፈረመው ፈቃድ ግን ለገዢው ይተላለፋል። ስምምነት ውስጥ ያልገባ ቃል ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ቴሌሜትሪን አንድ ሰው ከኮዱ ቆርጦ ያወጣዋል፤ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። የፈረምከውን ፈቃድ ግን ማንም ቆርጦ አያወጣልህም።

ሦስተኛው፦ የጁላዩ ማስታወቂያ

ጁላይ 2 ቀን አዲስ የግላዊነት ማስታወቂያ ድረ ገጹ ላይ ወጣ። ከዚህ በኋላ የመጣው ጩኸት ከቴሌሜትሪው ይብሳል። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ኦዳሲቲ ሰላይ ሶፍትዌር ሆነ የሚሉ ርእሶች ዓለምን ዞሩ።

ማስታወቂያው የሚሰበሰበውን በሰንጠረዥ አስቀምጧል፦ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ዓይነትና ስሪት፣ ከአይፒ አድራሻው (ኮምፒውተሩ በይነመረብ ላይ ከሚታወቅበት ቁጥር) የሚገመት አገር፣ የፕሮሰሰር ዓይነት፣ የስሕተት ኮዶችና የብልሽት ሪፖርት። እስከዚህ ድረስ በሜይ ቃል ከተገባው ብዙ አይርቅም። ችግሩ ቀጥሎ ያለው መስመር ነው፦ ለሕግ አስከባሪዎች፣ ለክርክርና ለባለሥልጣናት ጥያቄ አስፈላጊ የሆነ መረጃ። ምን ዓይነት መረጃ? አልተባለም። መረጃው በአውሮፓ ሰርቨሮች ላይ ቢቀመጥም አልፎ አልፎ ሩሲያ ላለው ዋና ቢሮና አሜሪካ ላሉ የሕግ አማካሪዎች ሊጋራ እንደሚችል፣ ኩባንያውን ሊገዛ ለሚችል ወገንም እንደዚሁ ተጽፏል። በመጨረሻም ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ፕሮግራሙን እንዳይጠቀሙ ይጠይቃል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከግላዊነት ያለፈ ጣጣ አመጣ። ጂፒኤል ፕሮግራሙን የማሠራት ተግባርን እንደማይገድብ በግልጽ ይናገራል፤ ፕሮግራሙን የሚያድል ወገንም በተቀባዩ ላይ ተጨማሪ ገደብ እንዳይጥል ይከለክላል። ታዲያ ልጁ የትኛውን ይስማ፣ ፈቃዱን ወይስ ማስታወቂያውን? በትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ላይ ኦዳሲቲን የጫነ መምህርስ?

ስለ አይፒ አድራሻ አንድ ነገር ልጨምር፤ በዘገባዎቹ መሐል የተዘለለ ነውና። ኩባንያው አድራሻው ሳይለወጥ የሚቆየው ለአንድ ቀን ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ በየቀኑ በሚለወጥ ሚስጥራዊ ቁጥር ታሽቶ ወደ ሃሽ፣ ማለትም አድራሻውን ወደሚተካ የስሌት ውጤት፣ እንደሚቀየር ገልጾ ነበር። ብዙ ሰው ሃሽ የሚለውን ቃል ሲሰማ ይረጋጋል። የተለመዱት የአይፒ አድራሻዎች ግን በጠቅላላ 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ናቸው። አንድ ተራ ኮምፒውተር ሁሉንም አንድ በአንድ ሃሽ እያደረገ ከተቀመጠው ጋር ማመሳሰል አይከብደውም። የሚጠብቀን ሃሹ ሳይሆን ሚስጥራዊው ቁጥር ነው፤ በየቀኑ መለወጡና አሮጌው በእርግጥ መጥፋቱ። ስለዚህ አድራሻዎን ሃሽ አድርገነዋል የሚል ማስታወቂያ ሲያጋጥም ቀጣዩ ጥያቄ ቁጥሩ የት ይቀመጣል፣ መቼ ይጣላል የሚለው ነው። በዚህ ነጥብ ላይ የኦዳሲቲ መልስ ከብዙዎች የተሻለ ነበር፤ ማንም አላመሰገነውም እንጂ።

ኩባንያው ማስታወቂያው የአጻጻፍ ችግር እንዳለበት አመነ። ያን ጊዜ በሰው እጅ የነበረው 3.0.2 ስሪት ምንም እንደማይልክ፣ ማስታወቂያው ለሚመጣው 3.0.3 የተዘጋጀ እንደሆነ አስረዳ። በዚያው ወር ይቅርታ ጠይቆ ጽሑፉን አረመው፤ የዕድሜ ገደቡም ተሰረዘ። ጁላይ ማብቂያ ላይ 3.0.3 ወጣ። ይልክ የነበረው ሁለት ነገር ነው፦ የአዲስ ስሪት ማጣሪያውና በተጠቃሚው ፈቃድ የሚላከው የብልሽት ሪፖርት።

ታዲያ የጮኹት ተሳስተው ነበር? ኮዱን ብቻ ያየ አዎ ይላል። እኔ እንደዚያ አልልም። ኮዱ ፕሮግራሙ ዛሬ የሚያደርገውን ይነግርሃል፤ ማስታወቂያው ደግሞ ኩባንያው ነገ ላደርግ እችላለሁ ብሎ ለራሱ ያስቀመጠውን። ጠበቃ ሰፋ አድርጎ የሚጽፈው በኋላ እንዳይጠበው ነው። የሰፋው ቦታ ባዶ ቢሆንም የማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሠራውና ያልሠራው

ሕዝባዊ ተቃውሞው ሁለት ጊዜ ውጤት አምጥቷል፤ ቴሌሜትሪው ቀርቷል፣ ማስታወቂያውም ተስተካክሏል። ግን በሁለቱም ጊዜ ተቃውሞው ያሸነፈው ኩባንያው መልካም ስሙን ስለሚፈልገው ነው። ስም የማያስጨንቀው ባለቤት ቢሆን ኖሮ ሺህ የተቃውሞ ምልክት ምንም አያደርገውም ነበር።

ፎርክ ማውጣት፣ ማለትም ኮዱን ቀድቶ በሌላ ስም መቀጠል፣ ብዙዎች በጋለ ስሜት የሞከሩት ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንድ በላይ ቅጂ ብቅ አለ። ጉልበታቸው ግን ተበተነ። ከእነሱ አንዱ ስያሜውን በድምፅ ለመምረጥ ሲሞክር ከውጭ በመጡ ቀልደኞች ተወረረ፤ ቅጂውን የሚያስተዳድረው ሰው ማንገላታቱ ሲበዛበት ለቀቀ። ቴናሲቲ የተባለው ቅጂ እስከ በኋላ ቆይቷል፤ ዋናውን ፕሮግራም ግን አልተካውም። ፎርክ ለማውጣት ቁጣ ይበቃል። ለማቆየት ግን በየወሩ የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍን፣ ለሦስት ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚገነባ፣ የተበሳጨ ተጠቃሚ በትዕግሥት የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ሰው ቁጣ አያመጣውም።

በጸጥታ የሠራው ሌላ ነው። የአውታረ መረብ ክፍሉን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ መምረጫ ኮዱ ውስጥ አለ፤ ከኮዱ ለሚገነባ ሰው ከመነሻው ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ፕሮግራሙን ራሱ ገንብቶ የሚያድል የሊኑክስ ስርጭት (ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከፕሮግራሞች ጋር አዘጋጅቶ የሚያቀርብ) ማብሪያውን ሳይነካ መተው ብቻ ይበቃዋል። ቅጂውን ከዚያ የሚያገኝ ሰው ከኩባንያው በር አያልፍም። ማንም ሰልፍ አልወጣም፣ ማንም ርእስ አልጻፈበትም፤ ግን በመሐል የቆመ ሦስተኛ ወገን ተጠቃሚውን ጠበቀ።

ፊርማውን በተመለከተ፣ ኩባንያው የተናገረው እስካሁን ሆኗል። በ2022 የወጣው 3.2 ስሪት ቪኤስቲ3ን ይዞ መጣ፣ ኦዳሲቲም በጂፒኤል ሦስተኛ ስሪት ቀጠለ። የተፈራው አልደረሰም። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል።

ለሌላ ፕሮጀክት ምን ይወሰዳል

የተፈራው ሌላ ቦታ ደርሷል። ሃሺኮርፕ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ አበርካቾቹን ያስፈርም ነበር። ኦገስት 2023 ሰርቨሮችን በኮድ የሚያዘጋጀውን ቴራፎርምን ጨምሮ ምርቶቹን ክፍት ከሆነው የሞዚላ ሕዝባዊ ፈቃድ አውጥቶ ተፎካካሪን ወደሚከለክል የንግድ ፈቃድ አዛወራቸው። ተጠቃሚዎቹ የመጨረሻውን ክፍት ቅጂ ይዘው ኦፕንቶፉን መሠረቱ፤ ፎርኩ የቆመው ግን ከኋላው ደመወዝ የሚከፍሉ ኩባንያዎችና የሊኑክስ ፋውንዴሽን ስላሉ ነው። ከኦዳሲቲ ቅጂዎች የሚለየውም እዚያ ላይ ነው።

ፊርማ የግድ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የሊኑክስን ከርነል፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ አነሣለሁ። ከ2004 ጀምሮ አበርካቹ ከእያንዳንዱ ለውጥ ሥር አንድ የማረጋገጫ መስመር ብቻ ይጨምራል፦ ይህን የማቅረብ መብት አለኝ፣ የማቀርበውም በፕሮጀክቱ ፈቃድ ነው። ለማንም ተጨማሪ ሥልጣን አይሰጥም። በዚህ መንገድ ከዓለም ትልልቅ የጋራ ኮዶች አንዱ ተገንብቷል፤ በዙሪያውም ብዙ ኩባንያ ገንዘብ ያገኛል።

ኩባንያው በእርግጥ ሰፊ መብት ካስፈለገው ደግሞ መቀበል ያለበት ነገር አለ። ምርጡ ምሳሌ ኪውቲ የተባለው የፕሮግራም መሥሪያ ነው። ከ1998 ጀምሮ በባለቤቱ ኩባንያና ኪውቲን በሚጠቀመው የነጻ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ በኬዲኢ መካከል በተቋቋመ ፋውንዴሽን በኩል ውል አለ። ኩባንያው ክፍት ስሪት ማውጣቱን ለ12 ወር ካቋረጠ ፋውንዴሽኑ ኪውቲን ከጂፒኤልም በላላ ፈቃድ ለዓለም ሊለቀው ይችላል። ከዚያ ወዲህ ኪውቲ ከትሮልቴክ ወደ ኖኪያ፣ ከኖኪያ ወደ ዲጂያ እጅ ተለዋውጧል፤ ውሉ ከእያንዳንዱ ገዢ ጋር አብሮ ተሻግሯል። ሁልጊዜ ክፍት እንሆናለን የሚል ኩባንያ ይህን በውል ለማስፈር የሚቸገርበት ምክንያት አይታየኝም። ከተቸገረ መልሱን ሰጥቷል።

በተጠቃሚው በኩል የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ መረጃው በማን ሰርቨር ላይ ያርፋል፣ ከመላኩ በፊት አየዋለሁ ወይ፣ የኩባንያውን በር ሳላልፍ ፕሮግራሙን ማግኘት እችላለሁ ወይ። ሦስተኛው መልስ ካለው ሁለቱ ብዙም አያስጨንቁኝም።

በቅርቡ ለአንድ ክፍት ፕሮግራም ጥቂት የትርጉም መስመሮች ልልክ ስል አውቶማቲክ መልእክት መጣና ፈርም አለኝ። ስምምነቱን ከፍቼ ሌሎች ፈቃዶች የሚለውንና የማይሻር የሚለውን ፈለግኩ፤ ሁለቱም ነበሩ። ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ ይቀጥላል የሚለውን የድረ ገጻቸውን ዐረፍተ ነገር ስምምነቱ ውስጥ ትጨምሩታላችሁ ወይ ብዬ ጻፍኩላቸው። ጽሑፉ የጠበቃ ስለሆነ አይነካም የሚል ትሑት መልስ መጣ። አልፈረምኩም። መስመሮቹ ራሴ በቀዳሁት ቅጂ ላይ በጂፒኤል ተቀምጠዋል፤ የፈለገ ይወስዳቸዋል፣ ኩባንያውም ቢሆን፣ ሌላው ሰው በሚወስድበት ደንብ።